ሳይደውሉ የሚመጡ እንግዶች

ረቡዕ ንጋት፣ ሶዶ

ጋሽ ሳሙኤል ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ከቆርቆሮው ጠርዝ ገና ይንጠባጠባል። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ልጁ ምሕረት ዳቦና የተቀቀለ ድንች በፌስታል አድርጋ ሰጠችን፤ እሱ "መንገደኛ ሆዱን ሞልቶ አይወጣም" ብሎ ድንቹን መለሰላት። አባባሉን ከማን እንደወረሰው አላውቅም፤ እኔ ግን ከእሱ ወርሼዋለሁ።

ለማታውቁን አንባቢዎች ልንገራችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ወላይታ ተመድቤ የዕድሜዬን ግማሽ እዚህ ጨረስኩ። ጋሽ ሳሙኤል የመስክ መኪናችን ሾፌር ነበር። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭነን ያልገባንበት ቀበሌ፣ ያልተዘፈቅንበት ጭቃ የለም። አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ እሱ ሶዶ፣ እኔ አዲስ አበባ። ጡረታው ከመሥሪያ ቤት እንጂ ከመንገድ አላወጣንም። በየዓመቱ እየተገናኘን የድሮ መንገዳችንን እንዞራለን፤ ምን ፍለጋ ነው ብትሉኝ መንገድ እወዳለሁ፣ በቃ።

የዘንድሮው ግን ምክንያት አለው። የጋሽ ሳሙኤል ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብለውታል። ከጎኑ ያለውን ነገር ጨርሶ አያይም፤ ፊት ለፊቱ ያለችውን ትንሽ ቦታ ብቻ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ያያል። ይህን በስልክ አልነገረኝም። በስልክ ያለኝ "ና፣ ዳልኬን እንየው" ብቻ ነው። ትናንት ሶዶ ስደርስ ነው ቁጭ አድርጎ የነገረኝ።

"መንገዱን እንደሆነ በእግሬ አውቀዋለሁ" አለኝ። "የዳልኬን ፊት ግን አንዴ በደንብ ልየው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።"

አቶ ዳልኬ ዲምቱ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በክትባት ዘመቻ ቆላ በወረድን ቁጥር የምናድረው እሳቸው ቤት ነበር። ዲምቱ ከሶዶ ሩቅ አይደለም፤ ጋሽ ሳሙኤል ግን ከወጥ ውስጥ የሚወደውን ቁራጭ መጨረሻ ላይ የሚበላ ሰው ነው። መጀመሪያ አረካ፣ ከዚያ የተወለደበት ዱቦ፣ ዲምቱን ለነገ አለ።

ረቡዕ ረፋድ፣ አረካ

ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥን። ድሮም የመንገደኛ ቦታ ጋቢና ነው ይል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ቀጥታ ወደፊት ብቻ ስለሚያይ ሌላ ቦታ አይሆነውም። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ሙዝ፣ ቀይ አፈር፣ በየደጃፉ የታሰረ ጥጃ። ኩርባ በመጣ ቁጥር የጋሽ ሳሙኤል ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ ሁለት ሦስቴ አየውና፣

"አባባ፣ ፍሬን የምትይዘው አንተ ነህ እኔ ነኝ?" አለው።

"ሁለታችንም እንያዝ፣ ምን ይጎዳል?" አለ ጋሽ ሳሙኤል። ጋቢናው በሙሉ ሳቀ።

አረካ ወርደን ሥጋ ቤት ገባን። ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ አጠገቡ ትኩስ ቆጮ። ዳጣው አረንጓዴ ሚጥሚጣና ዝንጅብል የበዛበት ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ዋጋው ባለፈው ዓመት ከከፈልነው በጣም ጨምሯል፤ አስተናጋጁ ራሱ ሲነግረን አፍሮ ወደ መሬት አየ።

እየበላን የመንገድ ሕጎቻችንን ተቀባበልን። ጫማ ጠዋት ሳያራግፉ አይደረግም። መንገድ የሚጠየቀው ሸክም የያዘ ሰው ነው፤ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ቦታ "ቅርብ ነው" ይላል። ወንዝ ከሞላ ከበሬ ቀድሞ አይገባም። ዋናው ሕጋችን ግን ወደምንሄድበት ቤት አለመደወል ነው።

"ከደወልክ ዶሮ ይታረዳል" አለ ጋሽ ሳሙኤል። "ዶሮ ከሌለ ከጎረቤት ይበደራል። ካልደወልክ የተገኘው ይቀርባል፤ አንተም በሰላም ትበላለህ።"

ይህን ሕግ በድርቅ ዘመን ነው ያወጣነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል የዘር በቆሎውን ያስፈጨ ሰው አይተን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመሄዳችን በፊት ለማንም ደውለን አናውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዱቦ

ከመኪና መንገዱ በእግር ገባን። እኔ ከፊት፣ እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ከኋላ። ቢጠየቅ ደክሞኝ ነው እንጂ ዓይኔ ነው አይልም። የካቶሊክ ሚሲዮኑ ግቢ ትልልቅ ዛፎች ሥር ሲደርስ ቆመና አንገቱን ቀስ እያደረገ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ዛፍ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

እህቱ እቴቴ አበበች ደጃፏ ላይ ስታየን እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሰው ብትሆኑ ትደውሉ ነበር" አለች። "ቢያንስ ዕቃዬን አጥብ ነበር።" በቡና ቅጠል፣ በዝንጅብልና በበርበሬ የሚፈላውን ሃይታ ቱኬ ከጎደሬ ጋር አቀረበችልን። ወንድሟን ደጋግማ አየችው፤ ስኒውን ሲያነሳ ጣቶቹ ቀድመው እንደሚዳብሱ ገብቷታል። ስንተኛ ከአልጋው እስከ በሩ ያለውን ወንበርና ባልዲ ሁሉ አነሳችለት።

ሐሙስ፣ ዲምቱ

ወደ ሶዶ ተመልሰን የዲምቱን መኪና ያዝን። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ብርዱ ይቀራል፤ እንሰቱ ይሳሳል፣ በቆሎው ይበዛል፣ ግራርና የአህያ ጋሪ ይመጣል። ጋሽ ሳሙኤል እንደ ሙሽራ ጢሙን ተላጭቷል። ለአቶ ዳልኬ ስኳርና አንድ ከዘራ ይዟል።

"መጀመሪያ ያገኘሁት ጎርፍ ውስጥ ነው" አለኝ፣ መቶ ጊዜ የሰማሁትን። "መኪናዬ ተዘፍቆ እኔ ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀምጫለሁ። በሬዎቹን ጠምዶ መጣ። እየጎተተ ይስቃል። ሰው ሳይተዋወቅ ይስቃል እንዴ? ከፊት ጥርሱ አንዱ የለም። በዚያ ክፍተት ነው ሳቁ የሚወጣው።"

"እኔንም 'የላም ዶክተር፣ ለሰው የሚሆን መርፌ የለህም?' ይሉኝ ነበር" አልኩት።

"ዓይኔን ስነግረው ምን እንደሚል አውቃለሁ። 'በሬ ታውሮ ያርሳል' ይለኛል።"

ከዲምቱ ባጃጅ ይዘን "አቶ ዳልኬ ቤት" አልነው ሾፌሩን። ዘወር ብሎ አየን።

"ዘመድ ናችሁ?"

"ከዘመድም በላይ" አለ ጋሽ ሳሙኤል።

ወጣቱ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። ስንደርስ ሂሳብ አልቀበልም አለን። ደግ ልጅ ነው ብለን ወረድን። ይህን ያህል ዘመን የሰው ደጅ ያንኳኳን ሰዎች ነን፤ እንዴት እንዳልገባን ዛሬም ይቆጨኛል።

እዚያ ቤት የምንገባበት መንገድ አለን። ጋሽ ሳሙኤል አጥሩን በዱላ ይመታና "ግብር ሰብሳቢ መጥቷል፣ ከብትህን ቁጠር" ብሎ ይጮኻል። አቶ ዳልኬ ከውስጥ "ከብቶቼ ሞተዋል፣ እኔን ቁጠረኝ" እያሉ ይወጣሉ። ዘንድሮም አጥሩን መታ፤ እንደ ልማዱ ጮኸ፤ በራሱ ጩኸት እየሳቀ በሩን ገፍቶ ገባ።

ግቢው ውስጥ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የአቶ ዳልኬ ባለቤት ወ/ሮ ማርታ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው ከመካከላቸው ተነሱ። እኔ አየሁ። እሱ አላየም፤ ሴቶቹ ከጎኑ ነበሩ። ፊት ለፊቱ የነበረው የቤቱ በር ብቻ ነው። ወደዚያው እያየ፣ እየሳቀ፣ "ምነው፣ ተኝቷል እንዴ?" አለ።

ክንዱን ያዝኩት። "ምንድን ነው?" አለኝ። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር።

ወ/ሮ ማርታ መጥተው ሌላ እጁን ያዙትና "ቁጭ በል፣ ወንድሜ" አሉት። ሰው ቆሞ መርዶ አይነገረውም። አስቀመጡት፣ ውኃ ሰጡት። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡና ጉልበቱን ያዙ።

"ሳሙኤል፣ ዳልኬ ቀድሞሃል። ጌታ ወሰደው። ሦስት ሳምንት ሆነው።"

ጋሽ ሳሙኤል መጀመሪያ አላለቀሰም። "እኔ ደጁ ላይ ስቄያለሁ" አለ። ይህን ብቻ ደጋግሞ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው፤ ሴቶቹም አብረውት እንደ አዲስ አለቀሱ።

ለምን አልነገራችሁንም ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ወ/ሮ ማርታ አልተቆጡኝም።

"መርዶ በስልክ እንዴት ይሆናል፣ ልጄ?" አሉኝ። "ሳሙኤል ሾፌር ነው። ሰው ጭኖ፣ መሪ ይዞ እያለ ቢሰማስ? ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ ሶዶ ሊሄዱ ነበር። ቤቱ ገብተው፣ ቁጭ አድርገው ሊነግሩት። ከዚያ በፊት ዝናቡ ነው፣ የበቆሎው ኩትኳቶ ነው፣ አልተመቸም።"

ከጡረታ በኋላም ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ መሪ ከያዘ ግን ዓመት እንዳለፈው አያውቁም። እሱ የዓይኑን ነገር በስልክ አይባልም ብሎ ደበቃቸው፤ እነሱ የአቶ ዳልኬን ሞት በስልክ አይባልም ብለው ደበቁት። እኛ ለእነሱ አስበን አልደወልንም፣ እነሱም ለእኛ አስበው አልደወሉም። በማን ይፈረዳል?

ከሰዓት ላይ ወ/ሮ ማርታ ከግድግዳው የአቶ ዳልኬን ፎቶ አወረዱለት። ለቀብሩ ከመታወቂያቸው ላይ አሳድገው ያሠሩት ነው። ጋሽ ሳሙኤል ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ፤ አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ግራ ገፋ አደረገው። በመጨረሻ ለእኔ ሰጠኝ።

"አንተ ንገረኝ። ምን ይመስላል?"

"ኮት ለብሰዋል" አልኩት። "አፋቸውን ገጥመዋል። ኮስተር ብለዋል።"

"እንግዲያው እሱ አይደለም" አለ፤ ፎቶውን በሁለት እጁ ለወ/ሮ ማርታ መለሰላቸው። "እኔ ያየሁት ይበልጣል፣ እህቴ። ያንን ግፊትም አይወስድብኝም።"

ያኔ ነው ዓይኑን የነገራቸው። እዚያው አደርን።

ዓርብ፣ ወደ ሶዶ

የተመለስነው በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ነው፤ ጋቢናውን እሱ ራሱ አልፈልግም አለ። የመንገድ ሕጎቻችንን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ጫማውም፣ ወንዙም፣ ሸክም የያዘው ሰውም ዛሬም ትክክል ናቸው። መንገድንም አልጠላሁትም። ዋናውን፣ ያለመደወሉን ሕግ ግን ከእንግዲህ ይዤ አልሄድም።

ሶዶ ስንደርስ ምሕረት በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀችን። ከዲምቱ ስንነሳ ደውዬላት ነበር። ጋሽ ሳሙኤል ደፉን በእግሩ ዳብሶ ገባና ፊቷን ፊት ለፊቱ እስኪያገኝ ድረስ ቀስ ብሎ ዞረ።

"ምሕረት፣ ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። የኔ ቀን ሲመጣ በስልክ ንገሪው። ማንንም አትላኪ፣ ሽማግሌ አትጠብቂ። ሳይሰማ እየሳቀ ደጄ እንዳይመጣ።"

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለች ደንግጣ፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች።

ከእኔ መልስ እንደሚጠብቅ ገባኝ። እንዲህ አትበል ማለት ነበረብኝ፤ በአገራችን ደንቡ እሱ ነው። እኔ ግን "እሺ፣ ጋሼ፣ እኔም ለልጆቼ እነግራለሁ" አልኩት። እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈለገ፤ አገኘውና ተያይዘን ወደ ውስጥ ገባን።