የወደድሁት ዝምታ

የዘመኑን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ክው ብዬ ቀረሁ። ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ያላትን የሙዚቃ ቅጂ ሁሉ በፍላሽ ትታልኝ ነበር። እኔ ግን ለዓመታት ከጥንቶቹ ደራሲዎች ፈቀቅ ብዬ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብሁ «እስቲ እነዚህን አዲሶቹንስ» ብዬ ከፈትኋቸው። ዝገት የያዘው በር የሚከፈት መሰለኝ፤ ቀጥሎ ጉርምርምታ፤ ቀጥሎ ወንበር የተገለበጠ የሚመስል ድምፅ። አረፋ በያዘው እጄ ሮጬ አጠፋሁትና «ይኼን ሙዚቃ ያለ ሰው እግዜር ይይለት!» አልሁ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ሁሉ።

ወደ አዲሶቹ የመለሱኝ ራሳቸው የጥንቶቹ ናቸው። ነፍሴን እስክስት የምወደው ቫዮሊን እየደበዘዘ መጣብኝ። ጥፋቱ የስፒከሩ ነው ብዬ ሌላ ገዛሁ፤ ያው ሆነ። ያን ሰሞን መቼም ሁሉም ነገር ያናድደኛል። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያጉተመትማሉ፤ «ዳቦ ጎርሳችሁ ነው እንዴ?» እያልሁ እጮህባቸዋለሁ። አዲሶቹ ደራሲዎች ግን ወፍራም ድምፅ አይፈሩም። ቀስ በቀስ ለመድኋቸው፤ ከመልመድም አልፌ ወደድኋቸው።

ከሁሉም የአንዱ ሥራ ባሰብኝ። ቼሎ የሚባለው ትልቁ ቫዮሊን ለብቻው ይነሣል፣ ሽማግሌ ለራሱ እንደሚያወራ። ከዚያ በድንገት ጸጥ። ጸጥታው ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ አሁንስ አለቀ ሲባል ቼሎው ይመለሳል። መጀመሪያ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን እዚያ ቦታ ላይ በደረስሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። መምህራን ክበብ ሻዬ ሳይቀርብልኝ «ዝምታን የደፈረ ደራሲ!» እያልሁ እሰብካለሁ። ጓደኞቼም ከእኔ ጋር መከራከር ስለማይወዱ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ከአይከል ወዲያ ካለው ቀዬው የዐይን ሞራውን ሊያስገፍፍ መጣ። ከሕክምናው በፊት የማርያም ዕለት ማኅሌት አብረን ቆምን። ከበሮው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ ጸናጽሉ ግን በመዘምራኑ እጅ ይወዛወዛል እንጂ ሲንሿሿ አይሰማም። «የዛሬ መዘምራን ጸናጽሉን ለጌጥ ነው እንዴ የያዙት?» እያልሁ ቤት እስክንደርስ ስነጫነጭ አባቴ ፈገግ እያለ ሰማኝ።

ከዚያ አንዱ ዐይኑ ተገፎለት ታሸገ። ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ በሱ ብርሃን እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ገበሬ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ ጉልበቱን ታቅፎ ሲውል አንጀቴን በላው። የምወደውን ላሰማው ብዬ ያን ቼሎ ከፈትሁለት።

«እህ» አለ አባቴ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ። ጸጥታው መጣ። ዐይኔን ጨፈንሁ።

«ምነው ይች ወፍ አይደክማትም?»

«የቷ ወፍ፣ አባባ?»

«ይችው የምትጮኸው።»

ከውጭ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። «አሁንም አለች?»

«ኧረ እዚሁ ቤት ውስጥ ናት! ከሙዚቃሽ ውስጥ። ቀጠን ያለች። ሸጋ ናት፤ ግን ምነው አታርፍም?»

አባቴ አረጀ፣ ጆሮው ይጮህበት ጀመር ብዬ አዘንሁ። ለማረጋገጥ ሳልነግረው ሙዚቃውን አቆምሁት።

«ሄደች» አለ።

እንደገና ከፈትሁት።

«መጣች።»

እጄን ማየት አይችልም። እያቆምሁ፣ እየከፈትሁ ደጋግሜ ፈተንሁት፤ አንድም ጊዜ አልሳተም። ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። አባቴ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ይዞ «ኧረ ቀንሽው ልጄ፣ ጆሮዬን በሳችው!» ብሎ ጮኸ።

ለእኔ ያው የምወደው ዝምታ ነበር።

ስፒከሩን አጥፍቼ አልጋው ላይ ቁጭ አልሁ። ቫዮሊን ነው እዚያ ያለው፤ ቀጭን፣ እላይ ጫፍ ላይ የወጣ ቫዮሊን። ደራሲው አንዲትም ዝምታ አልጻፈም። የጻፍኋት እኔ ነኝ፣ ቀጭን ድምፅ መስማት በተወ ጆሮዬ። ስፒከሩም ደኅና ነበር፤ ልጆቹም ዳቦ አልጎረሱም። እነሱማ ገብቷቸው እርስ በርስ ሲያወሩብኝ ከርመው ይሆናል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አዲሶቹን ደራሲዎች የወደድሁትስ የጥንቶቹ ከእጄ ስላመለጡ ኖሯል? ይኼ ከሁሉ በላይ አናደደኝ፤ ቀጥሎም አስፈራኝ። ሌላስ ምን አምልጦኝ ይሆን?

«አባባ» አልሁ በመጨረሻ፣ «የማርያም ዕለት ጸናጽሉ ይመታ ነበር?»

«ምነው ልጄ!» አለ፣ በታሸገው ዐይኑ ወደ ድምፄ ዞሮ። «ያን ሁሉ መንገድ ስትነጫነጪ ቀልድሽን መስሎኝ እኮ ነው። እንደዚያን ዕለትስ ተንሿሽቶም አያውቅ።»