በዕድር ድንኳን የታዩ ሥዕሎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደረጀ መዶሻ ሳይሆን የጥጥ ጨርቅ ሰጡኝ። «አሁን አቧራ ጥረጊ፤ ሥዕል መስቀሉን ቀስ ብለሽ ትማሪያለሽ» አሉኝ።

ጋሽ ደረጀ አዳማ ውስጥ የሴቶችን ፊት የሚሥሉ ሠዓሊ ናቸው። ጋለሪ የላቸውም፤ ሥዕሎቻቸውን የሚያሳዩት በገዛ ሳሎናቸው ነው። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግን ቅዳሜና እሑድ የምሠራው እሳቸው ቤት ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ካሉ ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ይገባሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ይወጠራል። ሥዕሎቹ የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ሲባጎው ላይ እንዲያርፍ ተደርገው ይሰቀላሉ። ፍሬሙ ከፍ ዝቅ ቢል ግድ የለም። ከመስኮት ትይዩ ግን ሥዕል አይሰቀልም፤ ቀለሙ ያብለጨልጫል።

እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ። አንድ የሞጆ ሹፌር የአንዲት ቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛን ሥዕል ብዙ ቆሞ አየና፣ «ይቺ ልጅ ተቆጥታለች?» አለኝ።

«ደክሟት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ጻፉበታ! ይቅርታ ልጠይቃት ነበር እኮ» ብሎ ወጣ።

ባለፈው ክረምት ሳሎኑ ለእንግዳ አልበቃ አለ። ጋሽ ደረጀ ከሰፈሩ ዕድር ድንኳንና ወንበር ተውሰው ግቢው ውስጥ አስተከሉ። ትልቁን ሥዕል ከመንገድ እንዲታይ በሩ ላይ አቆምነው። ሥዕሉ የአዴ ጫልቱ ነው። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጡ አዳማ ገበያ የሚሸጡ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው።

መጀመሪያ የመጡት እንግዳ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የገቡ አንዲት እናት ነበሩ። ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ። መቼ አረፈች?»

«ማን፣ እማማ?»

«ጫልቱ ናታ! ፎቶዋን በር ላይ አቁማችሁ ማን ትይኛለሽ?»

ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች እያለቀሱ ገቡ። ጋሽ ደረጀ፣ «ኧረ ሥዕል ነው፣ ሴትዮዋ ደኅና ናቸው» ቢሉም ወሬው ገበያ ደርሶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ጫልቱ ራሳቸው በባጃጅ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ እልልታ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ደረጀ፣ በቁሜ ቀበርከኝ» አሉ። «ልጄ ኩየራ ነው የምትማረው። አንዱ ደውሎ እናትሽ ሞታለች፣ ለቅሶው ደረጀ ቤት ነው ብሏታል። ተነሥታለች፤ ስልኳ ዝግ ነው።»

ጋሽ ደረጀ ይቅርታ ጠይቀው ሥዕሉን ወደ ውስጥ አስገቡ። እኔ ለአዴ ጫልቱ ወንበር አመጣሁላቸው።

«አልቀመጥም። ቆሜ ትየኝ» አሉና ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ።

ዝናብ ጀመረ። ግቡ ብንላቸውም እምቢ ስላሉ ጃንጥላ ያዝኩላቸው። ባጃጅ በታጠፈ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ሌላ ሰው ሲሆን ይመልሱታል።

ከብዙ ሰዓት በኋላ ልጅቷ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ መጣች። ባጃጁ በደንብ ሳይቆም ወረደች። «ሀርሜ!» ብላ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። እናትየው ያዟት። «ናን ጅራ። አለሁ፣ ልጄ፣ አለሁ» ይሏት ነበር።

ሲረጋጉ ጋሽ ደረጀ፣ «ሥዕሉን ይውሰዱት፤ ከእንግዲህ አላሳየውም» አሏቸው።

አዴ ጫልቱ ልጃቸውን እንዳቀፉ መለሱ። «ወስጄ የት ላደርገው? ውስጥ፣ ከሴቶቹ ጋር ስቀለው። በር ላይ ግን እኔ እንጂ ሥዕሌ አይቁም።»

እንዳሉት ሰቀልነው፤ ዓይናቸውን ሲባጎው ላይ አሳርፈን።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ከመግባቱ በፊት መንገዱን ተሻግሬ ግቢውን እንደ አላፊ አግዳሚ አየዋለሁ። ሰው ሥዕል ማየት የሚጀምረው ከመንገድ ነው።