የቀትር ውሃ

በ1956 ዓ.ም. በበጋው፣ ባሌ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ሆኖ ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቆላ ተላከ። እኔም ሕፃን ልጄን አዝዬ፣ አንዲቷን ላማችንን አስነድቼ ተከተልኩት። ታምሜ ጡቴ ደርቆ ስለነበር ልጁ የሚኖረው በዚያች ላም ወተት ነው።

ላሟን የሚጠብቃት የባሌ ታናሽ ወንድም ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ገና እንደደረስን መከሩት።

"እዚህ ከብት የሚጠጣው ፀሐይ ሳይወጣ ነው። ሌሊት በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አልቅት ደንዝዞ ጭቃው ሥር ይተኛል፤ ምግብም አያምረውም። ውሃው ሲሞቅ ግን ይነቃል፣ ይርበዋል፤ የከብት አፍ ውሃውን ሲነካ እየዋኘ ይመጣል።"

ዋርሳዬ ሳቀ። "እማማ፣ እኛ ደጋ ቀትር ላይ ነው የምናጠጣው። ከብቶቻችን ምንም ሆነው አያውቁም።"

"የእናንተ ምንጭ በቀትርም እጅ ያደነዝዛል። የእኛ ኩሬ በቀትር ትኩስ ገንፎ ነው" አሉት።

እኔም ለመንኩት። እሺ አለ፤ እሺ ብሎ እስከ ረፋድ ድረስ ይተኛል። "አጠጣሃት?" ስለው፣ "በጠዋት!" ይለኛል።

ባሌ ለአገልግሎት ገሱባ በሄደበት ሰሞን ላሟ መብላት ተወች። ወተቷ ጠፋ፤ ከአፏ ደም ያዘለ ለሃጭ ይንጠባጠባል። አፏን ስከፍት ምላሷ ሥር አልቅት አብጦ ተጣብቋል።

"ቀትር ላይ ነው ያጠጣሃት!"

"ውሃ ያው ውሃ ነው። ደግሞ ላም ናት፣ እንደ ሙሽራ አታሞላቅቂያት።"

ብዙ መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ። "ለአልቅት ያጠባኸው የልጄን ወተት ነው!"

ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። እኔ ቀንዷን ያዝኩ፤ እሳቸው አልቅቱ ላይ ጨው ነስንሰው፣ እንዳያሟልጫቸው አመድ በነካ ጨርቅ ይዘው ነቀሉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ለልጄም ከቤታቸው ወተት አመጡለት። ጌታን አመሰገንኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ያ ዋርሳዬ ማታ እራቱን በልቶ፣ ወደ ልጄ የወተት ኩባያ እያየ "ለእኔ አልተረፈም?" አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ልጄን አዘልኩ፤ ዋርሳዬ እንደተኛ የላሟን ገመድ ከራስጌው ወስጄ ወደ ኩሬው ነዳኋት። መጀመሪያ እጄን ነከርኩ። ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ገመዱን ላላ አደረግሁላትና ጠጣች።