የማር ጠጅ በወይን መንደር

ንጋት፣ ዲፕስሉት

ከስደት ሰፈራችን የወጣነው ውሾች እንኳ ዝም ባሉበት ሰዓት ነበር። የእህቴ ልጅ ታደለች ሁለት ጀሪካን ጠጅ በጋቢ ጠቅልላ ከባኪው ጀርባ አስቀመጠች፤ እዚህ ባኪ የሚሉት ኋላው ክፍት የሆነውን መኪና ነው። የሚነዳው ጎረቤታችን ደሳለኝ፣ ባለሱቅና የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ነው።

«ጋሼ፣ ፓስተሩ ካዩኝ ማር ነው ይበሉልኝ» አለኝ።

«ማርማ ነው፤ ትንሽ ስለሰነበተ ነው እንጂ» አለችው ታደለች።

ቀልዳቸው ፍርሃት ነበረበት። ስፓዛ የምንላት የታደለች ትንሽ ሱቅ ሁለት ጊዜ ተዘርፋለች። ዛሬ በቫል ወንዝ ዳር ባለችው ጥንታዊ መንደር የበጋ የወይን በዓል አለ። ጠጇ ከተወደደላት በመንደሩ ገበያ ቋሚ ቦታ ታገኛለች፤ በብረት ፍርግርግ አጮልቆ መሸጡም ያበቃል።

ረፋድ፣ መንገድ

ከከተማው በስተደቡብ ከወርቅ ማውጫዎች የተጣሉ የአፈር ቁልሎች በጉም ውስጥ እንደተኙ ግመሎች ይታያሉ። ከዚያ በቆሎ፣ በቆሎ፣ እስከ ሰማይ ጥግ በቆሎ። ደሳለኝ «ሳውቦና፣ ማማ!» ብሎ ሻጯን በአገሬው ቋንቋ ሰላም አለና ከመንገድ ዳር የተጠበሰ እሸት በአሥራ አምስት ራንድ ገዛ። እያላመጥን ሳለ ወንዙ ታየ፤ የሚፈስ አይመስልም፣ የሚያስብ ይመስላል።

ቀትር፣ ወንዙ ዳር

ቅርንጫፋቸውን ውኃ ውስጥ የነከሩ አኻያዎች፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የቆርቆሮ ቤቶች፣ ነጫጭ ድንኳኖች። የሰው ድምፅ ከውኃ በታች የሚመጣ ያህል ለስልሶ ይሰማል።

የበዓሉ ቀማሽና የገበያው ኃላፊ፣ ሁሉም «ታኒ»፣ አክስት ማለት ነው፣ የሚሏቸው ነጭ አሮጊት ወደ እኛ መጡ። ታደለች እንደ ወጉ አስቀድማ በመዳፏ ቀድታ ጠጣች፤ ከዚያ ብርሌውን ሰጠቻቸው። አሸተቱ፣ በአፋቸው አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በያዙት ባልዲ ውስጥ እንትፍ አሉና አለፉ።

«ተፉት፣ ጋሼ» አለች ታደለች። ጀሪካኑን መክደን ጀመረች።

«እኔ እንኳ የማልጠጣው በአክብሮት ነው» አለ ደሳለኝ።

የቀማሾች ልማድ መሆኑን አንብቤ አውቅ ነበር፤ ሳልነግራት ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የማውቀውን ለራሴ መያዝ ለምዶብኛል። ታደለችን ጠጅ መጣል ያስተማረቻት እሷ ናት። ክንዷን ይዤ እስከሚቀጥለው ድንኳን ወሰድኋት።

«ተመልከቺ።»

አሮጊቷ የዚያንም ድንኳን ወይን ተፉት። የቀጣዩንም።

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም። ቢውጡትማ እስከ ማታ ማን ይዳኛል?»

አሮጊቷ ዘወር ብለው ልጅቷ ለምን ከእጇ እንደጠጣች ጠየቁኝ። «በአገራችን ቀጂው አስቀድሞ ይቀምሳል፣ እንግዳው ያለ ሥጋት እንዲጠጣ» አልኋቸው በእንግሊዝኛ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ታደለችም ጀሪካኑን መልሳ ከፈተች።

ማምሻ

ወንዙ የጠጅ መልክ ያዘ። ድንኳኖች መጠቅለል ሲጀምሩ አሮጊቷ ያለ ባልዲያቸው ተመለሱ። «ሥራዬ አለቀ» አሉ፤ ብርሌውን ትተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ታደለች ቀዳችላቸው። ዋጡት። ከዚያም «ከትልቁ አኻያ ሥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቦታው የአንቺ ነው» አሏት።

ታደለች እንግሊዝኛውን በሚገባ ሰምታለች። «ጋሼ፣ ምን አሉ?» አለችኝ ግን፤ በራሷ ቋንቋ ልትሰማው ፈልጋ። ነገርኋት። እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና ነገርኋት።

በመልሱ ደሳለኝ መዝሙር እያንጎራጎረ ይነዳል፤ ባዶዎቹ ጀሪካኖች ከኋላ ይንኳኳሉ።

«እትዬ ብትቀምሰው ምን ትል ነበር?» አለች ታደለች በቀስታ።

«ጌሾው በዝቷል ትል ነበር» አልኋት።

ሦስታችንም ሳቅን። የዲፕስሉት መብራቶች እስኪታዩ ድረስ ስለ ባለቤቴ አወራኋቸው።