በረሮ ይዘው የተሰደዱት መምህራችን

መምህር ጃማ ሀርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በልጆቻቸው ተከበው ማረፋቸውን ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰማን። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ለቀስተኛው ግን እርሳቸውን እያነሳ ቶሎ መሳቅ ጀመረ፤ ጥፋቱ የራሳቸው ነው።

ሐረር ተምረው ሀርጌሳ የሳይንስ መምህራችን ነበሩ። ከተማችን በአውሮፕላን ስትደበደብ ሰው ሁሉ ወርቁንና ፍራሹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሲሸሽ፣ እርሳቸው ከክፍላችን አንድ ድንጋይ አወጡ። የጥንት በረሮ ክንፍ የታተመበት ቅሪተ አካል ነበር። «ዘሯ ከወፍም ከአበባም ይቀድማል፤ ማስረጃው ይኸው!» ይሉን ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ጭረት ብቻ ነበር የሚታየን።

«የሰው ባል ወርቅ ያሸሻል፣ የእኔው በረሮ!» እያሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኸድራ መንገዱን ሁሉ አሳቁን።

ሀርትሼክ የስደተኞች መጠለያ ደርሰን፣ በሸራ ጥላ ሥር ሊያስተምሩን ሲሰናዱ ድንጋዩ ጠፋ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከሀርጌሳ የተረፋቸው እርሱ ብቻ ነበር። ስንፈልግ ውለን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከወይዘሮ ኸድራ ድስት ሥር፣ ሦስተኛ ጉልቻ ሆኖ!

«ሩዙ ሳይበስል ማንም አይነካውም» አሉ ወይዘሮ ኸድራ። እኛ በላን፤ መምህሩ አልቀመሱም። ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ በሸሚዛቸው እጅጌ ወለወሉት። ፊቱ ጸዳ፤ ጭረቶቹ ውስጥ የገባው ጥላሸት ግን አልወጣም። ክንፉ ከነጅማቱ ጠቁሮ ቁልጭ አለ። ሁላችንም አየነው! መምህር ጃማ እየዘለሉ፣ ከሐረር ባመጡት ተረት ባለቤታቸውን ተረቡ፦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያለው ማነው? ኸድራ፣ ትምህርቱን አጣፈጥሽው!»

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ይህች ፍጥረት ስንት ጥፋት አልፋ ዛሬም ማጀታችን ውስጥ አለች። እኛም ቤታችን እንገባለን» አሉን። እኔ ያን ቀን አመንኳቸው፤ ደስ አለኝ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ገባንም። ጣሪያ በሌለው ማጀታቸው መጀመሪያ የተቀበለቻቸው በረሮ ነበረች። ወይዘሮ ኸድራ ጫማቸውን ሲያነሱ፣ «ተይ እንጂ፣ እኛ ስንሄድ ቤቱን የጠበቀችው እርሷ ናት!» ብለው መምህሩ ለመኑ። ወይዘሮ ኸድራ ሰምተዋቸው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልሰሙም።

መምህሬ፣ ድንጋይዎ ኮድቡር ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነው፤ ጥላሸቱን ማንም አያጥበውም። ትናንት ማጀትዎ ውስጥ አንዲት በረሮ ብቅ አለች። ወይዘሮ ኸድራ ጫማቸውን አነሱ፤ ትንሽ አዩዋትና መልሰው አጠለቁት። እንግዲህ አሸንፈዋል፤ በሰላም ይረፉ።