ሁለተኛ እስክጠየቅ

በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ የፀሐይዋ ኃይል ሲቀንስ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሠፈር ሥዕል ለማየት በእግር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። መነሻቸው ከአክስቴ ሆቴል ብዙም የማይርቅ የባህል ማዕከል ነው። ከዚያ አንድ ሠዓሊ ግቢ ይገባሉ፤ ቀጥሎ እንጨት ወደሚቀረጽበት መጋዘን፣ አንዳንዴም የግድግዳው ቀለም ገና ወዳልደረቀ አዲስ ጋለሪ ይሄዳሉ። ሳይመሽ ያልቃል። ጁባ ውስጥ ከመሸ በኋላ በእግሩ መሄድ የሚወድ የለም።

መጀመሪያ የተከተልኳቸው ሳላስበው ነው። ለሆቴሉ ሳሙና ገዝቼ ስመለስ መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ አገኘኋቸው። መሀላቸውን ሰንጥቆ ማለፉ ስላሳፈረኝ ከኋላቸው ቀስ ብዬ ሄድኩ። አንድ ግቢ ሲገቡ እኔም ገባሁ። ምን ፈልገሽ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ከነሳሙናዬ ቆሜ ኮምፔርሳቶ ላይ የተሣለች ጀልባ አየሁ። ከዚያ ወር ጀምሮ ቀርቼ አላውቅም።

ከሰው ጋር ጎን ለጎን መሄድ ወሬ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ወሬ የለኝም። እንግሊዝኛዬ የመጽሐፍ ነው። ዐረብኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ዋጋ መከራከር እችልበታለሁ፣ ስለ ራሴ ማውራት ግን አልችልበትም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምሄደው ከሁሉም ኋላ ነበር። በየግቢው ሠዓሊው ሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰዎቹ ይጠይቁታል፣ ይስቃሉ። እኔ ሥዕሎቹን በደንብ የማያቸው እነሱ መውጣት ሲጀምሩ ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የምትጠራው።

“ዛሬም ዙረት ልትሄጂ ነው?”

“ሥዕል ለማየት እኮ ነው፣ እቴቴ።”

“ሥዕል ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶልሽ የለም እንዴ? እየተሳለምሽ ታይዋለሽ።”

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። አዲስ አበባ ሥነ ሕንፃ ተምሬ ጨርሼ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ የጠራችኝ እሷ ናት። እሷ ባትኖር አሁንም እናቴ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ሥራዬ ክፍሎቹን ማየት ነው፤ ፎጣው መቀየሩን፣ አጎበሩ አለመቀደዱን፣ አንሶላው መድረቁን። ከሁሉም በላይ አንሶላውን። ዝናብ ሲያስገመግም ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ከገመዱ ላይ የምሰበስበው እኔ ነኝ።

አንሶላዎቹን መሣል የጀመርኩትም ለዚህ ይመስለኛል። መንገድ ላይ ቆሞ ወረቀት ላይ የሚጭር የውጭ አገር ሰው፣ ምን እየሠራህ ነው መባሉ አይቀርም፤ እኔም ጥንቁቅ ነኝ። ስለዚህ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ተቀምጬ የማየውን ሣልኩ። የማየው ደግሞ አንሶላ ነው። ነጭ ነገር በእርሳስ መሣል ከባድ ነው። ነጩን መሥራት አይቻልም፤ እሱን ትቶ በዙሪያው ያለውን ጥላ፣ እጥፋቱን፣ ነፋስ ሲሞላው የሚጨልመውን ጎን ብቻ ነው የሚሠሩት። ደስ የሚለኝም ይኸው ነበር። ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ዙረቱን የምትመራው ሠዓሊ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። ያደገችው ግን አዲስ አበባ ነው፣ በስደት። አማርኛዋ የሠፈር ልጅ አማርኛ ነው፤ ዐረብኛውን መሀል መሀል ጣል ታደርግበታለች። አንድ ቀን ሆቴላችን ምሳ ልትበላ መጣች። ባንኮኒው ላይ ረስቼው የሄድኩትን ወረቀት አንስታ ስታይ ከጓዳ ወጣሁ።

“ይሄ የማነው?” አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት አክስቴ ቀደመችኝ። “የሷ ነዋ! ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታሰጣ ትውልና ሲደክማት ደግሞ አንሶላ ትሥላለች። እስቲ አሁን አበባ ምን አለበት?”

ሠዓሊዋ አልሳቀችም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ “ሌላም አለሽ? በሚቀጥለው ወር ስቀይው” አለችኝ።

“ኧረ አይ” አልኩ። “ለሰው የሚታይ አይደለም።”

“ታማም። ማፊ ሙሽኪላ” አለች። ችግር የለም ማለቷ ነው። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ በጥንቃቄ መልሳ አስቀመጠችና እጇን ታጥባ ወደ ምሳዋ ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደምጠብቅ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። እኛ ዘንድ “ብዪ” ሲሉሽ “በልቻለሁ” ትያለሽ፤ “በሞቴ” ይሉሻል፤ “እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ” ትያለሽ፤ በእጃቸው ጠቅልለው ወደ አፍሽ ሲያመጡ ያን ጊዜ ትበያለሽ። የመጀመሪያው “አይ” መልስ አይደለም፤ በር ላይ ጉሮሮን እንደ መጥረግ ነው። እኔ ጉሮሮዬን ነበር የጠረግሁት። እሷ ግን ምሳዋን ጨርሳ፣ አክስቴን አመስግና ወጣች።

ወሩን ሙሉ ጠበቅሁ። ያለኝን ሥዕል ሁሉ አስተካከልኩ። አንዳንዱን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ከሁሉም የተሻለው ከዝናብ በፊት በነፋስ የተነሳ አንድ ትልቅ አንሶላ ነበር። ቅዳሜው ሲደርስ፣ ለማንኛውም ብዬ፣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ሠዓሊዋ ከሩቅ አይታኝ እጇን አውለበለበችልኝ። በየግቢው አጠገቧ ለመቆም ሞከርኩ። ስለ ሙቀቱ አወራችኝ፤ አክስቴ እንዴት እንዳለች ጠየቀችኝ። ስለ ሥዕሉ ምንም አላለችም። የመጨረሻው ቦታ ላይ አንድ ተማሪ ሦስት ትናንሽ የላም ሥዕሎች ሰቅሎ ነበር። ጎናቸው ባዶ ግድግዳ ነበር። ሰው ሁሉ ላሞቹን ሲያይ እኔ ባዶውን ግድግዳ ሳይ ቆየሁና ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ተመለስኩ።

አክስቴ በር ላይ ነበረች። “ጠየቀችሽ?”

“አልጠየቀችኝም።”

“ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ” አለች አክስቴ። ከዚያ ፊቴን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ሂጂና ንገሪያታ። ምላስ የለሽም? እኔ እዚህ አገር ስገባ ሐበሻ ቀርቶ የማውቀው ዛፍ አልነበረም። ዝም ብል ኖሮ ማን ያበላኝ ነበር?”

የማጣው ነገር ሥዕል መስቀል ብቻ ቢሆን አልሄድም ነበር። ግን በዚህ ከተማ ከሆቴሉ ግቢ ውጭ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም። ያ ወረቀት ወደ መስኮቱ የዞረበት ጊዜ፣ ጁባ ከመጣሁ ወዲህ ሰው እኔን ሲያይ ያየሁበት ብቸኛው ጊዜ ነበር። በሳምንቱ መሀል፣ አንሶላው እስኪደርቅ ባለው ሰዓት፣ ወደ ሠዓሊዋ ግቢ ሄድኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ሸራ እየወጠረች ነበር።

“እርስዎ ያን ቀን የጠየቁኝ...” ብዬ ጀመርኩ።

“እርስዎ? ኧረ አሮጊት አታድርጊኝ!”

“ሥዕሉን... ልሰቅለው እፈልግ ነበር።”

መዶሻዋን አስቀመጠች። “አይ ብለሽኝ?”

“አይ ያልኩት... ያው... እንዲሁ ነው።”

አየችኝና በድንገት ሳቋ መጣ። ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። “ገባኝ! በሞቴ፣ አፈር ስሆን እንድልሽ ነበር! ስሚ፣ ላጫውትሽ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጎረቤት ቤት ‘ብዪ’ ሲሉኝ እበላ ነበር፣ አንዴ ሲሉኝ። ልጆቹ ‘ይቺ ደግሞ አትግደረደርም’ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ተማርኩ። ‘በልቻለሁ’ ማለት ለመድኩ። ከዚያ አገራችን ተመለስን፤ አጎቴ ቤት ምሳ ቀረበ፤ ‘በልቻለሁ’ አልኩ። ሳህኑን አነሱታ! እየራበኝ ዋልኩ። ካላስ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሰው ሁለቴ አልለምንም። አንዲት ሴት አይ ካለች፣ አይ ብላለች ነው የምለው።”

“እኔ ግን አማርኛ ስለምትችዪ...”

“አማርኛውን እችላለሁ። ጨዋታውን ግን ትቼዋለሁ።”

መሬት መሬት እያየሁ ልሄድ ስል “ግድግዳዎቹ ሞልተዋል” አለች። “አንድ ግቢ ግን አለ፤ የአንዲት አሮጊት። አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ሌሎቹ አልፈለጉትም። ገመድ ወጥረሽ በመቆንጠጫ ታንጠለጥይዋለሽ፤ አንቺማ ለምደሽዋል። የሰቀለ ሰው ደግሞ አይዞርም፤ ሥዕሉ አጠገብ ይቆማል። እሺ?”

“እሺ” አልኩ፣ ወዲያው።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ አክስቴ የልብስ መቆንጠጫውን እያጉረመረመች ቆጥራ ሰጠችኝ። ግቢው ጠባብ ነበር፤ የኒም ዛፍ፣ የውሃ በርሜል፣ ሁለት ፍየሎች። ሰው ሁሉ ሐቦባ የሚላቸው አሮጊት፣ አያት እንደማለት ነው፣ ገመዱን ስወጥር ከበራቸው ሆነው ተመለከቱኝ። ሥዕሎቹን አንጠልጥዬ ስጨርስ ተነስተው መጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። ቀስ ባለ ዐረብኛ፣ ይህን ሁሉ የሚያጥበው ማነው አሉኝ። የማሰጣው እኔ ነኝ አልኳቸው። “ኩሉ?” አሉ፤ ሁሉንም? አዎ አልኩ። አዝነውልኝ ራሳቸውን ነቀነቁና ዱካ አመጡልኝ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ለካ የሚጠብቅ ሰው ሰዓት እንዲህ ነው። ከሩቅ ቦዳቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተሮች ድምፅ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ ይሰማል። እነሱ አሁን መጋዘኑ ጋ ናቸው፣ አሁን ወጥተዋል እያልኩ በሐሳቤ ተከተልኳቸው። በመጨረሻ ወሬያቸው ከአጥሩ ማዶ ተሰማና ከዱካው ተነሳሁ።

ገቡ። ግቢው ሞላ። ሠዓሊዋ እንደ ልማዷ “ይህን የሠራው ማነው?” ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ እንደማታውቅ ሆና።

“እኔ ነኝ” አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ፤ ፍየሎቹ እንኳን ዞሩ።

አንዲት ልጅ እርሳሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንድ ሰውዬ ነፋሱን ከየት አመጣሽው አለኝ። ሊወጡ ሲሉ መምህር የሆነ አንድ ረጅም ሰው ትኩር ብሎ አየኝ።

“አንቺ ኋላ ኋላ የምትቀሪው ሐበሻ ነሽ አይደል?”

“ነኝ።”

“እፎይ! ዛሬ በየጥጉ መቆም ቀረልን ማለት ነው። ይቺ ሴትዮ፣” አለ ወደ ሠዓሊዋ እየጠቆመ፣ “‘ያቺ ልጅ ሳትደርስ ንቅንቅ አንልም’ እያለች በየመታጠፊያው በፀሐይ ስትጠብሰን ነው የከረመችው።”

ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ያን ያህል ወራት ወደኋላ ስቀር አንድ ቀን እንኳን አጥቻቸው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ወሬ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ ባገኙት ጥግ ሁሉ ይቆማሉ እል ነበር።

ከዚያ ሄዱ። የግቢው በር ተዘጋ። ድምፃቸው ወደ መታጠፊያው ሲሄድ አዳመጥኩ። እዚያ ሲደርሱ አልቆሙም። ዝም ብሎ እየቀነሰ ሄደና ጠፋ። በገመዱ ላይ ወረቀቶቹ ቀስ እያሉ ይወዛወዙ ነበር። ሐቦባ ውስጥ ገብተው ነበር። ሥዕሎቼን ሁሉም አይተዋቸዋል፤ ከእንግዲህ የሚመጣ ግን የለም፤ የሰቀለ ሰው ስለማይዞር መውጣትም አልችልም።

ፀሐይዋ ወደ ወንዙ ስታዘነብል ሠዓሊዋ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። መቆንጠጫዎቹን እየፈታች አገዘችኝ።

“ወደዱት” አለች። “ለሚመጣው ወር ዋናው ግድግዳ ላይ ቦታ አለ። ትሰቅያለሽ?”

“አይ” አልኩ።

እጇን ገመዱ ላይ እንዳደረገች ዞራ ፊቴን መረመረች። “ይሄኛው አይ የትኛው ነው?”

“እውነተኛው ነው። የሚመጣው ወር መዞር ነው የምፈልገው። ከናንተ ጋር።”

“ከኋላ?”

ትንሽ አሰብኩ። “አላውቅም” አልኩ።

“ታማም” አለችና የመጨረሻውን ወረቀት ሰጠችኝ። መንገዱ ላይ ቦዳቦዳ ጠርታ፣ እንዳይመሽብሽ ብላኝ፣ ተሳፍራ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሄደች። ሥዕሎቹን ጠቅልዬ ብቻዬን ወደ ሆቴሉ አመራሁ። የሚቀጥለው የዙረት ቅዳሜ ገና ሩቅ ነበር።