በጀርባው እንዳይተኛ

በዚያ እሁድ ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችን፣ ምሳ ልትበላ የመጣችው የባለቤቴ እህት፣ ኋላ ደግሞ ከቀበሌ የመጡት ሁለት ሰዎችና ጠመንጃ የያዘ ሦስተኛ ነን። ሌላ ማንም አልነበረም። እስከ ዛሬ እያንዳንዳቸው የቆሙበት ቦታ ይታየኛል።

ጊዜው የደርግ ነው፤ አሰሳው የበረታበት ሰሞን። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ናት። ባለቤቴ ሲተኛ ያንኮራፋል። ማንኮራፋቱ ሳይሆን ዝምታው ነበር የሚያስፈራኝ። በጀርባው ሲተኛ ትንፋሹ ድንገት ቁርጥ ይላል። አስር፣ አስራ አምስት፣ ሃያ እያልኩ እቆጥራለሁ። ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው ተንፈራፍሮ ይመለሳል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ድሬሰር፣ «በጀርባው እንዳይተኛ አድርጊ፤ በጎኑ ሲሆን አይቆምም» አለኝ። «ተኝቶ እንዴት ይታዘዘኛል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

አስቤ አስቤ በመኝታ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፋሁ። ከአትክልት ተራ ጠንካራ ሎሚ እየመረጥኩ እከትበታለሁ። ሊንጋለል ሲል ሎሚው ይቆረቁረውና ወደ ጎኑ ይመለሳል። ትንፋሹ መቆሙን ተወ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በጎኑ ሲሆን ፊቱ ወደ እኔ ነው፤ ትንፋሹም እንደ ወናፍ አንገቴ ላይ ይነፋል። እንቅልፍ አጣሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳላዞረው፣ ቢቆም አላየውም ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አራት አጥፌ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ጫፉ ከአፍንጫው ሥር ከፍ ሲል ትንፋሹ ወደ ደረቱ ይወርዳል፤ አፍንጫው ግን አይሸፈንም። ሁለታችንም ተኛን።

ያን ቀን ምሳ በልቶ ሸሚዙን ለብሶ ጋደም ሲል እህቱ አየችው።

«አንቺ፣ ወንድሜን የለሃጭ ጨርቅ አሰርሽለት?»

«ተያት» አላት ካልጋው ላይ። «ጀርባዬ ላይም ሎሚ ተክላለች። ክረምቱ ይግባ እንጂ እንለቅማለን።»

ስቃ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ።

«ባለቤትሽን ለጥያቄ እንፈልገዋለን» አለ ከቀበሌዎቹ አንዱ። «አሁን ይመለሳል።»

ባለቤቴ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጀርባውን ሳየው ያ እብጠት አለ። ይፈትሹታል፣ ቦምብ ነው ይላሉ፣ እዚሁ ልጄ ፊት ይተኩሱበታል ብዬ ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ።

«ሸሚዙን አውልቅ» አልኩት በጆሮው።

«ምን ሆንሽ?»

«አውልቀው ብቻ!»

ሌላ አለበስኩት። የነጠላውን ጨርቅ ግን ሁለታችንም ረሳነው። ጠመንጃ የያዘው፣ «ጉንፋን ነው እንዴ?» አለው ወደ አንገቱ እያየ።

«ሚስቴን ጠይቃት» አለና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

የታሰረበትን ካገኘሁ በኋላ በየቀኑ ምሳ ዕቃ እወስዳለሁ። ባዶውን ሲመልሱልኝ መኖሩን አውቃለሁ። ትንፋሹስ? አንድ ቀን ሸሚዙን ከነሎሚው አጣጥፌ ወሰድኩ። የበሩ ጠባቂ ዳሰሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል፣ በጎኑ አስተኙት የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሷል። ግን በምን እንደሚሞት የምነግራቸው መሰለኝ።

«ለሻይ ነው» አልኩ።

«በሸሚዝ ተሰፍቶ? ምን ዓይነት ሻይ ነው፣ እናት?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ኪሱን ቀደደ፤ ወረቀት ይኖረዋል ብሎ ሎሚውን ለሁለት ሰነጠቀና ሁሉንም መለሰልኝ። መንገዱን ሙሉ እጄ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። ዛሬም ሎሚ ስቆርጥ ያ በር ፊቴ ይቆማል።

በሁለተኛው ወር ምሳ ዕቃው ሙሉውን ተመለሰ። «እዚህ የለም» አሉኝ። የት እንደሄደ የሚነግረኝ አልነበረም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ቤቴን ጠይቆ መጣ። አትክልት ተራ ተሸካሚ ነበር። ሳይቀመጥ የጠየቅኩት ስለ አስተኛኘቱ ነው።

«በጀርባው ነበር የሚተኛው?»

«በጀርባ?» ሳቅ አለ። «እትዬ፣ ቦታው የታለና! ሁላችንም በጎን ነን፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀን። ሲደክመን አንዱ ‹ዙር!› ይላል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይዞራል።»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰውየው በኀዘን መሰለው እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ ቀጠለ።

«ከፊቱ የሚተኛ አንድ አስተማሪ ነበር። ትንፋሹ ማጅራቱን ሲመታው ይቆጣል። ባለቤትዎ ያችን ጨርቅ ወደ አፍንጫው ከፍ ያደርግና ‹ይቅርታ ጌታዬ፣ ቤትም ከሳሽ ነበረብኝ› ይለዋል። ያስቀን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት። አይዘኑ፣ ሌላ እስር ቤት ነው የወሰዱት ተብሏል። እዚያ ቦታው ሰፊ ነው፣ ሰው እንደ ልቡ ተዘርሮ ይተኛል ይባላል።»

ደግ ነገር የነገረኝ መስሎት ሄደ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ሰፊ ቦታ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ጠመንጃውን ያህል እፈራዋለሁ። ከኋላው የሚደግፈው ሰው የለም፣ ጀርባው ላይ ሎሚ የለም። ጋደም ባልኩ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ ሃያ ስደርስ የሚመለስ ትንፋሽ የለም። ሸሚዙን አውልቅ ያልኩት እኔ ነኝ።

የተቀደደውን ኪስ መልሼ ሰፍቼዋለሁ።

ከፊቱ ይተኙ የነበሩት አስተማሪ በሕይወት ካሉ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ከእሱ አጠገብ የተኛ ሰው ካለ፣ እለምናለሁ። አንገቱ ላይ አራት የታጠፈ የነጠላ ቁራጭ የሚያስር፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። በሌላው ቦታ አይታችሁት ከሆነ የት እንደደረሰ ንገሩኝ። እኔ ዶሮ ማነቂያ እዚያው ቤት አለሁ።